ትራንዚስተር ፔዳል ቱዩብ አምፕ ላይ ብሰካ ቱዩቡን ይጎዳዋል?

የአዌቱ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ወገን አካም ጂርቱ፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። አጎቴ ከጀርመን ሲመጣ ያገለገለ ቱዩብ አምፕ (በሚግሉ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሠራ የጊታር ማጉያ) ይዞልኝ መጣ፣ 15 ዋት፣ ከኋላው ስታዩት ሁለት ኢኤል84 ሦስት ደግሞ 12ኤኤክስ7 የሚባሉ ቱዩቦች አሉት፣ ስፒከሩ 12 ኢንች። እስካሁን የተጫወትኩት በትራንዚስተር አምፕ ወይ ቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰክቼ ነው፣ እና የመጀመሪያ ቀን አብርቼው ቱዩቦቹ ቀስ እያሉ ሲቀሉ ሳይ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከዛ ትዝታ ብጫወትበት ጣቴን ጠንከር ሳደርግ ይሻክራል፣ ለስለስ ሳደርግ ይጠራል፣ እንዲህ ያለ ድምፅ በዚች ጊታሬ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ጥያቄው ምን መሰላችሁ፣ በእግር የሚረገጥ አራት የድምፅ መቀየሪያ ፔዳል አለኝ፣ ዋህ፣ ቲዩብ ስክሪመር (ድምፅ የሚያሻክር)፣ ኮረስ፣ ዲጂታል ዲሌይ (ድምፁን የሚደግም)፣ ሁሉም ትራንዚስተርና አይሲ ናቸው። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ደርድሬ ልሰካ ስል ከኛ ጋር የሚጫወቱ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ በሠርግ ባንድ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ እሳቸው "ትራንዚስተር ነገር ፊቱ ላይ አትደቅንበት፣ ቱዩቡን ይበላዋል፣ ባይበላው እንኳ ድምፁን ይገድለዋል" አሉኝ። በጣም ስለማከብራቸው ምንም ሳልል ነቀልኩት። ግን ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እነዚህን ፔዳሎች አንድ በአንድ ስንት ወር አጠራቅሜ ነው የገዛኋቸው።

ሌላው ደግሞ አራቱንም በአንድ አዳፕተር ነው የማበራቸው፣ ቱዩብ አምፑ ላይ ሲሆን ዝዝዝዝ የሚል ድምፅ ይመጣል ቲዩብ ስክሪመሩን ስረግጠው ደግሞ ይብስበታል፣ በድሮው አምፔ ይሄን ያህል አይሰማም ነበር፣ ይሄ ቱዩቡ እየተጎዳ ነው ማለት ነው? ደግሞ አምፑን ጮክ አድርጌ ሲሻክር ዲሌዩ ይድበሰበስብኛል፣ ድግግሞሹ ከዋናው ድምፅ ጋር ይቦካል። መለዋወጫ ቱዩብ እዚህ ከተማ አላገኘሁም፣ አዲስ አበባ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ እስቲ ልሞክረው ብዬ ላቃጥለው አልችልም። የምታውቁ ንገሩኝ።


ትዝታ ሜጀር

አይበላውም ወንድሜ፣ ተረጋጋ። ነገሩን ከታሪኩ እየው። ፔዳል የሚባለው ነገር ሲፈጠር የጊታሪስቱ አምፕ ማለት ቱዩብ አምፕ ነበር። ማይስትሮ ፈዝ ቶን የሚባለው በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ፈዝ (ድምፅ አብዝቶ የሚያሻክር ፔዳል) ሦስት የጀርመኒየም ትራንዚስተር ነው ውስጡ ያለው፣ በሁለት ተራ ባትሪ ድንጋይ በ3 ቮልት የሚሠራ። ፈዝ ፌስ በ1966 ወጣ፣ ሁለት ትራንዚስተር ብቻ፣ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ እሱን ማርሻል ቱዩብ አምፕ ላይ ነው የሰካው። ዋህም ያው ሁለት ትራንዚስተርና አንድ ጥቅል ሽቦ ነው። የተሠሩት ለቱዩብ አምፕ ነው ማለቴ ነው፣ በኋላ ነው ትራንዚስተር አምፕ ላይ መስካት የለመድነው።

እና ደግሞ ጅማ ሆነህ ስለ ዋህ መፍራት አይገባህም፣ ሙላቱ አስታጥቄ እዚሁ ጅማ ነው በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለደው፣ በ70ዎቹ መጀመሪያ ከተቀዱት የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች ውስጥ ያ ዋህ ዋህ እያለ የሚናገረውን ጊታር አዳምጠው። አንቺሆዬ ላይ ዋሁን ቀስ አድርገህ ክፈተው፣ ረግጠህ አታወዛውዘው፣ ኖታው ላይ ስትደርስ ብቻ ክፈተው፣ በቱዩብ አምፕ ሲሆን ማሲንቆ ነው የሚመስልህ።


ፈረንጅ አራዳ

እኔ የምልህ አንድ አዳፕተር ነው ያልከው? የምን አዳፕተር ነው? ምን ላይ የነበረ? ምክንያቱም እኔ በዚህ ነገር ነው የተቃጠልኩት። የኪቦርድ አዳፕተር ነበረኝ፣ 12 ቮልት፣ ጫፉ ገጠመልኝ በቃ ሰካሁት፣ ኮረስ ፔዳሌ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ፣ የፕላስቲክ ሽታ መጣ፣ አለቀ። በኋላ ነው ያወቅኩት፣ አብዛኛው ፔዳል መሃሉ ነጌቲቭ ነው የሚፈልገው፣ የኔ ኪቦርድ አዳፕተር መሃሉ ፖዘቲቭ ነበር፣ ቮልቱም በላይ ነው። አዳፕተሩ ላይ ክብ ነገር መሃል ላይ ነጥብ ያለው ትንሽ ሥዕል አለ፣ ከመሃሉ ነጥብ ወጥቶ መቀነስ ምልክት ጋ የሚደርስ ከሆነ ትክክል ነው፣ መደመር ጋ ከደረሰ እንዳትሰካው። ፔዳሉም ጀርባው ላይ ወይ መሰኪያው አጠገብ ያው ሥዕል አለው፣ ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። አራት ፔዳል ይዘህ ይሄን ሳታይ ሰክተህ ከሆነ ዛሬ ማታውኑ እየው።

ስለ ቱዩቡ የተማሩት ይመልሱልህ።


የአዌቱ ልጅ

አየሁት፣ 9 ቮልት ይላል መሃሉ ነጌቲቭ ነው ተመስገን። ግን በጣም ቀላል ነገር ነው፣ የስልክ ቻርጀር ነው የሚመስለው፣ አንድ ገመድ ወጥቶ አምስት ቦታ የሚከፈል።


ቴስተር

ልጄ ሰላም ነህ። እኔ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ስጠግን ነው ዕድሜዬን ያሳለፍኩት፣ ቱዩብ የምትሉትን እኛ ቫልቭ ነበር የምንለው። ሥራ ፈትቼ ነው የማነበው፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ፣ ፈራህ ብዬ ነው።

ከጊታርህ የሚወጣው ሲግናል ትንሽ ነው፣ ክሩን በኃይል ብትመታው እንኳ ከአንድ ቮልት ብዙም አይዘልም። በ9 ቮልት የሚሠራ ፔዳል ደግሞ ምንም ቢያጎላው ከዛችው 9 ቮልት ውስጥ መውጣት አይችልም፣ ወደ ላይ አራት ተኩል ወደ ታች አራት ተኩል፣ ይኸው ነው ጉልበቱ። የመጀመሪያው ቫልቭ ፕሌቱ (የመውጫው ብረት) ላይ ግን 200 ቮልት አካባቢ ነው ተሸክሞ የሚውለው። ሲግናልህ የሚገባው በግሪዱ (መሃል ባለው ወንፊት መሳይ ሽቦ) በኩል ነው፣ ግሪዱ ከካቶዱ (ከሚሞቀው ክፍል) አንድ ተኩል ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ከዛ ያለፈ ሲግናል ሲመጣበት ቫልቩ በቃኝ ይልና ጫፉን ይቆርጠዋል። ያ የተቆረጠው ነው ጆሮህ ላይ ሻካራ ሆኖ የሚጣፍጥህ። ሲቆርጥም እንደ መቀስ ሳይሆን እያጎነበሰ ነው የሚቆርጠው፣ ለዛ ነው ጣትህን የሚከተልህ። መግቢያው ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 68 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ተቀምጧል፣ በሱ ውስጥ ፔዳልህ ሊያሳልፍ የሚችለው ከረንት ከሚሊ አምፒር አንድ አሥረኛ አይሞላም። በዚህ ቫልቭ አይሞትም፣ እኔ ሲሞት አላየሁም።

የሠርግ ባንዱ ጋሼ ድምፁን ይገድለዋል ያሉትን ግን አትጣለው፣ እሳቸው ጆሯቸው የሰማው ነገር አለ። ሰው የፔዳሉን ድራይቭ (የመሻከሩን መጠን) እስከ ጥግ፣ ሌቭሉንም (የሚወጣውን ድምፅ ጉልበት) እስከ ጥግ ያደርግና ቱዩብ አምፕ ላይ ይሰካዋል፣ ያኔ ፔዳሉ አስቀድሞ ሁሉን ነገር ጨፍልቆ ነው ወደ ቫልቩ የሚልከው፣ ቀስ ብትመታ በኃይል ብትመታ አንድ ነው፣ ቫልቩ የሚሠራው ሥራ አይቀርለትም። ይሄን ሰምተው ከሆነ እውነታቸውን ነው። አንተ ግን ቲዩብ ስክሪመር ነው ያለህ አይደል? ስሙ ቱዩብ ቢልም አንድም ቱዩብ የለውም፣ የሚሻክረው በአይሲና በሁለት ዲዮድ ነው፣ ታችኛውን ወፍራም ድምፅ ቀነስ አድርጎ መሃሉን ወደ ፊት ያወጣዋል። እንዲህ አድርገው፦ አምፑን ጠንከር ስትመታ ብቻ የምትሻክርበት ቦታ ላይ አቁመው፣ ከዛ የፔዳሉን ድራይቭ ዜሮ አካባቢ፣ ቶኑን ግማሽ፣ ሌቭሉን ከግማሽ በላይ ከፍ አድርግና ርገጠው። አሁን የሚሻክረው ፔዳሉ አይደለም ራሱ ቫልቩ ነው፣ ፔዳሉ ከኋላ ሆኖ እየገፋው ነው። ሶሎ ላይ ጊታርህ ከኪቦርዱና ከቤዙ መሃል ነጥሮ ይወጣል።

ዝዝዝ ስላልከው፣ እሱ ቫልቭ እየተጎዳ አይደለም። ዲጂታል ዲሌይህ ውስጡ ኮምፒውተር ነው፣ ከ50 ሚሊ አምፒር በላይ ይስባል፣ ኦቨርድራይቩ (ቲዩብ ስክሪመርህ) ግን ከአሥር አይዘልም፣ ሁለቱን በአንድ ሽቦ ስታበራቸው የዲሌዩ ቆሻሻ በኃይል መስመሩ በኩል ኦቨርድራይቩ ውስጥ ይገባል እሱ ደግሞ ያጎላዋል፣ ከዛ ቫልቩ በድጋሚ ያጎላዋል። ምርመራው ቀላል ነው። መጀመሪያ ጊታሩን ከአምፑ ነቅለህ አምፑን ብቻ አብራ፣ ዝም ካለ አምፑ ጤነኛ ነው። ከዛ ጊታር ብቻ። ከዛ ቲዩብ ስክሪመሩን በ9 ቮልት ባትሪ ብቻውን። ባትሪ ላይ ዝም ካለ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። ዝዝዝ ሳይሆን እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፣ ጊታርህን ይዘህ ቀስ እያልክ ዙር፣ ስትዞር ከቀነሰ ፒክአፑ (ከክሩ ሥር ያለው ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት) የሸምበቆ መብራት ወይ ትራንስፎርመር እያዳመጠ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ቫልቭህን የሚገድለው የመብራታችን ነገር ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ እኔ ቤት በቴስተር ስለካው 180 ቮልት የገባበት ቀን አለ። የቫልቭ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ መስመሩ 180 ሲሆን ማሞቂያው ወደ 5 ይወርዳል፣ ካቶዱ በደንብ ሳይሞቅ እየሠራ ማለት ነው፣ ድምፁ ይደክማል፣ ሁሌ እንዲህ ከሆነ ዕድሜው ያጥራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው፣ ሲመለስ ዘሎ ነው የሚመጣው። መብራት ሲሄድ ወዲያው ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጋ፣ ሶኬቱንም ንቀል፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት አሥር ደቂቃ ታግሰህ አብራ። የሚታመን ስታቢላይዘር ግዛለት፣ ከአምፑ ዋት ሰፋ ያለ።

ስፒከሩ ሳይሰካ እንዳታበራው፣ አንዴም ቢሆን። ትራንዚስተር አምፕ ያለ ስፒከር ቢበራ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ የቫልቭ አምፕ ግን የመውጫ ትራንስፎርመሩ ነው የሚሄደው፣ እሱን ደግሞ እዚህ የሚጠቀልልህ አታገኝም። ውስጡንም ከፍተህ እጅህን እንዳታስገባ፣ ሶኬቱ ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፣ ሰው ይገድላል ልጄ።


ኪቦርዲስቷ

ጋሼ ቴስተር እግዜር ይስጥልን፣ እንዲህ ዘርዝሮ የሚያስረዳ ሰው ጠፍቶ ነው እኮ። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰዎች ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወስደው የመከላከያ ሽቦ) ላይ ይቀልዳሉ። በምንጫወትበት አንድ አዳራሽ የጊታሩ አምፕ አንድ ግድግዳ ላይ ሚክሰሩ ሌላ ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰካው፣ እምምም ይል ነበር፣ ከዛ አንድ ልጅ የአምፑን ሶኬት የኤርዝ ሽቦ ቆርጦ "ጠፋ" ብሎ ደስ አለው። በሚቀጥለው እሑድ ጊታሪስቱ ክሩን ይዞ ሊዘፍን ማይኩን በከንፈሩ ሲነካ ኤሌክትሪክ መታው፣ እጁ ጊታሩ ላይ ተጣብቆ ስናየው እኔ እስካሁን ያስፈራኛል። ድምፁን ማጥፋት ከፈለጋችሁ አምፑንም ፔዳሎቹንም ሚክሰሩንም አንድ ኤርዝ ያለው ማከፋፈያ ላይ ሰብስቡ፣ ኤርዝ አትቁረጡ። የቤታችሁ ሶኬት ኤርዝ ያለው መስሎ ከግድግዳው ኋላ ሽቦው የሌለበት ብዙ ነው፣ በኤሌክትሪሻን አስለኩት።


የአዌቱ ልጅ

ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው፣ ገለቶማ፣ ሁለቴ አነበብኩት። ትናንት ማታ ሞከርኩ። አምፑ ብቻውን ዝም፣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ሳስጠጋ ትንሽ ሽሽሽ ብቻ። ቲዩብ ስክሪመሩን በባትሪ ሳደርገው ዝዝዝ የሚባለው ነገር ጭራሽ የለም፣ ዲሌዩን አዳፕተሩ ላይ ብቻውን ሳደርገውም ዝም። ሁለቱ አንድ ገመድ ላይ ሲገናኙ ብቻ ነው። እና ድራይቩን ዜሮ ሌቭሉን ከፍ ያሉኝን ሳደርገው፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ባቲ እየተጫወትኩ አንዷን ኖታ ይዤ ስስባት አልሞት አለች፣ እየቀጠነች ሄዳ ሄዳ ነው ያለቀችው፣ እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

የቀረኝ ዲሌዩ ነው። አምፔ ኋላው ላይ ሴንድ ሪተርን የሚል ነገር የለውም፣ የስፒከር መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። ታዲያ መፍትሔ የለውም? ደግሞ ፈዝ ልገዛ አስቤ ነበር የትኛው ጋ ነው የሚገባው?


ትዝታ ሜጀር

አለው እንጂ። ለምን እንደሚቦካ መጀመሪያ ልንገርህ፣ ዲሌይህ ድግግሞሹን ንጹሕ አድርጎ ያወጣዋል ከዛ አምፑ ዋናውንም ድግግሞሹንም አንድ ላይ ያሻክራቸዋል፣ ስለዚህ ሊከፋፈሉ አይችሉም፣ ጠላና ጠጅ አንድ ጣሳ ውስጥ እንደ መቅዳት ነው። ሴንድ ሪተርን ያለው አምፕ ላይ ቢሆን ዲሌዩን ከመሻከሩ በኋላ ታስገባው ነበር። አንተ ግን ሁለት መንገድ ነው ያለህ። ዲሌይ የምትፈልግበት ዘፈን ላይ አምፑን ጥርት አድርገህ አቁመው፣ መሻከሩን ቲዩብ ስክሪመሩ ይሥራው፣ ዲሌዩ ከሱ በኋላ ይግባ፣ ያኔ የሻከረውን ድምፅ ነው የሚደግመው፣ ንጹሕ ሆኖ ይሰማል። ወይም አምፑ ራሱ እንዲሻክር ከፈለግክ የዲሌዩን መጠን በጣም ቀንሰው፣ ድግግሞሹንም አንድ ሁለት ብቻ አድርገው፣ የሻከረ አምፕ ትንሹን ድግግሞሽ ራሱ ያወጣዋል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምወደው፣ ግን በፍጥነት ችክችካ ስትመታ አይሆንም፣ ለእርጋታ ዘፈን ነው።

ፈዝ ከገዛህ ያ የድሮው ዓይነት ሁለት ትራንዚስተር ከሆነ ከጊታሩ ቀጥሎ የመጀመሪያው ይሁን፣ ከዋሁም በፊት ሞክረው። መግቢያው የጊታርህን ፒክአፕ ቀጥታ ማግኘት ይፈልጋል፣ መሃል ላይ ባፈር (ሲግናሉን የሚያጠናክር ክፍል) ያለው ፔዳል ካስገባህበት ድምፁ ስል ብሎ ይደርቃል፣ የጊታሩን ቮልዩም ስትቀንስ የመጥራት ጸባዩም ይጠፋበታል። የቀረው ቅደም ተከተል ባለህበት ይሁን፣ ዋህ፣ ኦቨርድራይቭ፣ ኮረስ፣ ዲሌይ።


ቴስተር

ለአዳፕተሩ፣ እያንዳንዱ መውጫው ለብቻው የተለየ የፔዳል ፓወር ሰፕላይ አለ፣ ግን ገንዘብ ነው። ለጊዜው ሁለት አዳፕተር ይበቃሃል፣ አንዱ ለዲሌዩ ብቻ፣ ሌላው ለሦስቱ። በትራንስፎርመር የሚሠራውን ከባዱን ካገኘህ እሱን ውሰድ፣ ግን ሬጉሌትድ የሚል መሆኑን እይ፣ ያልሆነው 9 ተብሎ 13 እና 14 ሲያወጣ ለክቻለሁ። ሳትሰካ በፊት አስለካው። ሌላ ደግሞ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ የኛ ከተማ እርጥበት ቫልቩን ምንም አያደርገውም፣ የታሸገ ብርጭቆ ነው፣ ጃኮቹንና የቫልቭ መቀመጫዎቹን ግን ያዝገዋል። ቋ ቋ የሚል ወይ እየጠፋ የሚመጣ ድምፅ ከሰማህ ፔዳሉን ከመክሰስህ በፊት ጃኩን አምስት ስድስት ጊዜ ሰክተህ ንቀለው። አምፑን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድረው፣ ወንበር ላይ ይሁን፣ ጨርቅ አልብሰው፣ ሲቀዘቅዝ ነው ግን የምታለብሰው።

ጂሬን መንገድ ላይ ነኝ፣ መገኛዬን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ጊዜ ካለህ ቴስተሬን ይዤ ልምምድ ቤታችሁ ልምጣና ኤርዛችሁን እንለካው፣ የሠርግ ባንዱ ጋሼም ካሉ ደስ ይለኛል።


የአዌቱ ልጅ

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንም እዛ ነን ጋሼ። እሳቸውን ነግሬያቸዋለሁ፣ ጊታራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ "እስቲ መጀመሪያ ያለ ፔዳል ልስማው፣ ከዛ በፔዳሉ" ብለዋል።